ከደረስጌ እስከ ድምፅ ኮሮጆ

በጥንቱ ግእዝ «ሰሜን» ዛሬ ደቡብ ለምንለው አቅጣጫ የሚነገር ቃል ነበር። የቋንቋ ሊቃውንት ነገሩን የሚፈቱት በተራራው ነው። መንግሥት አክሱም ላይ ተቀምጦ ሳለ የስሜን ተራሮች የሚገኙት ከተከዜ ማዶ፣ በደቡብ በኩል ነው። መናገሻው ወደ ላስታና ወደ ሸዋ፣ ኋላም ወደ ጎንደር ሲሻገር ያው ተራራ በሌላው ወገን ዋለ፤ ቃሉም አብሮ ዞረ። ራስ ደጀን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ለስሜን ስም የሚያወጡለት፣ ገዢ የሚልኩለትና ታሪኩን የሚጽፉለት አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ቦታ ሆነው የሚያዩት ሰዎች ነበሩ።

በደባርቅና በዳባት፣ በጃናሞራና በበየዳ የሚኖር ገበሬ የራሱን ሰው በራሱ ድምፅ መርጦ ወደ ምክር ቤት መላክ ከጀመረ ሰባ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። ይህ አጭር ታሪክ ከረጅም የራስ ገዝነት ዘመን በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ከካርዱና ከኮሮጆው በፊት ገደሉን ማየት ያስፈልጋል።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ጎንደርን ከአስመራ በሚያገናኘው መንገድ ዳር ተቀምጣለች። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ሲሉ መሬቱ በድንገት ያልቅና ሊማሊሞ ይጀምራል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። በምሥራቅና በሰሜን ተከዜ ደጋውን እንደ ቀለበት ይዞረዋል። ዋልያ በተፈጥሮ የሚገኘው በዚህ ተራራ ብቻ ነው። ሥነ ሕይወት አጥኚዎች እንዲህ ያለውን በቆላ የተከበበ ከፍታ ደሴት ይሉታል፤ ውኃ ባይከበውም ከላይ የሚኖረው ፍጥረት ከታች ካለው ዓለም ተለይቶ የራሱን መንገድ ይይዛልና። በስሜን ይህ ለዋልያ ብቻ ሳይሆን ለሰውም ሠርቷል።

በስድስተኛው መቶ ዘመን አዱሊስ የደረሰው ግሪካዊ ነጋዴ ኮስማስ፣ ከድንጋይ ላይ በገለበጠው ጽሕፈት ውስጥ አንድ የአክሱም ንጉሥ ከወንዙ ማዶ ያሉትን የስሜን ሰዎች እንዳስገበረ ይናገራል። አገራቸው መውጫ የሌለው፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበት የሚውጥ ተደርጎ ተገልጿል። ንጉሡ ይህን የጻፈው ለክብሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ነገሥታትም ተራራውን ደግመው ደጋግመው ማስገበር ነበረባቸው። የአይሁድ እምነት ተከታዮቹ ቤተ እስራኤል በአምባዎቹ ላይ የራሳቸውን አለቆች ይዘው ለዘመናት ተከላክለዋል። አፄ ሠርፀ ድንግል ዘመተባቸው፤ ነፃነታቸው የተሰበረው ግን በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ የመጨረሻው መሪያቸው ጌዴዎን ሲወድቅ ነው። ርስታቸውን ያጡት ልጆቻቸው በወገራና በስሜን መንደሮች በአንጥረኝነት፣ በሸክላ ሥራና በጭሰኝነት ኖሩ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ስሜን ሌላ ጌታ አወጣ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አባቱን ተክቶ ተራራውን ያዘ፤ የትግሬው ደጃዝማች ሰባጋዲስ በ1823 ዓ.ም ደብረ ዓባይ ላይ ከወደቀ በኋላም ግዛቱን ወደ ትግራይ አሰፋ። ለሃያ ዓመታት ያህል ከተከዜ ወዲህም ወዲያም የሚታዘዝለት ሰው ሆነ። ጃናሞራ ውስጥ ደረስጌ ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠራ ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ረድቶታል፤ ውቤ የንግሥ በዓሉን እዚያ ሊያደርግ አስቦ ነበር ይባላል። የካቲት 1847 ዓ.ም ግን ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርጎ ማረከው። በሁለት ቀን ውስጥ በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የስሜን ራስ ገዝነት ያበቃው ለስሜን ገዢ ንግሥ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ከውቤ ወንድም ቤት የተወለደችው ጣይቱ ብጡል ከአፄ ምኒልክ ጎን እቴጌ ሆና በነበረችበት ጊዜ የስሜን ስም በቤተ መንግሥት ቢከበርም፣ ተራራው ራሱን የሚያስተዳድር አገር ወደ መሆን አልተመለሰም።

በዚህ ሁሉ መካከል ገብስ የሚዘራው ሰው የት ነበር? ከጌዴዎን እስከ ውቤ ባለው ታሪክ ስሜን ራሱን ገዛ ሲባል አንድ ቤት ገዛው ማለት ነው። ገበሬው ማን ይግዛኝ ብሎ አልተጠየቀም። እንዲህም ሆኖ መምረጥ የማያውቅ ሕዝብ አልነበረም። በበጌምድርና በጎጃም የርስት አገሮች የጭቃ ሹምነት በብዙ ቦታ በርስተኞች ዘሮች መካከል በተራ ይዞር ነበር። የድንበር ጠብ፣ የውኃ ክፍፍልና የደም ካሳ በዛፍ ጥላ ሥር በሚቀመጥ ሸንጎ ይዳኙ ነበር፤ ሽማግሌ የሚሰየመውም በባለ ጉዳዮቹ ስምምነት ነው። ሴቱ፣ ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ርስት የሌለው ሁሉ ከዚህ ክበብ ውጭ ነበር። ይህን ጉድለት መሸፋፈን አይገባም። ነገር ግን «ተናጋሪያችን ማን ይሁን» የሚለው ጥያቄ ከምርጫ ሕጉ በፊት በመንደሩ የነበረ ጥያቄ ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን ደግሞ መኳንንትና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ «እስኪበቃ ድረስ» ነው የተባለው። የስሜን ገበሬ እስኪበቃ ሲጠበቅ ጣሊያን ገባ። ጣሊያን በሊማሊሞ ገደል የጠረበው መንገድ ዛሬም የአገሩ ደም ሥር ነው። ከደባርቅ በላይ ወልቂፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ አራት ወር አልፎ። ከምሽጉ ዙሪያ ከከበቡት መካከል የአካባቢው አርበኞች ነበሩ። አገርን ለማስመለስ በቅቶ ለድምፅ አልበቃም የተባለ ሕዝብ እንደነበር መናገር ተገቢ ነው።

ገበሬውን ወደ ድምፅ ያደረሰውን ለውጥ ያፋጠነው በዚያው መንገድ ጫፍ ያለው አገር ይመስላል። መጋቢት 1944 ዓ.ም ኤርትራ 68 አባላት ያሉትን የራሷን ምክር ቤት መረጠች፤ ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ እስላም። ከአስመራና ከምጽዋ በቀር መራጩ መጀመሪያ ወኪሎችን ይመርጣል፣ ወኪሎቹም እንደራሴውን ይመርጣሉ። መስከረም 1945 ዓ.ም የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ሲጀመር በአንድ ዘውድ ሥር አንዱ አገር የተመረጠ ምክር ቤት፣ ፓርቲና ነፃ ጋዜጣ ያለው፣ ሌላው የሌለው ሆነ። የታሪክ ጸሐፍት የተሻሻለውን ሕገ መንግሥት ካስከተሉት ምክንያቶች አንዱ ይህ አለመመጣጠን እንደሆነ ይጽፋሉ። የኤርትራ ምክር ቤት ራሱ ግን ዕድሜ አላገኘም፤ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም ፈረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ቆም ብሎ ማየት ይገባል። «እንደራሴ» ማለት እንደ እኔው፣ እኔን ሆኖ የሚቆም ማለት ነው። በአስመራ የተቀመጡት ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ነበሩ፤ ንጉሡን ሆነው የቆሙ። በእነዚያው ዓመታት ለፓርላማ የሚመረጠው ሰው «የሕዝብ እንደራሴ» ተባለ። ከላይ ወደ ታች ይወርድ የነበረው ቃል ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። አማርኛ ለዚህ አዲስ ነገር ከውጭ ቃል መበደር አላስፈለገውም።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም፣ በንግሥ ኢዮቤልዩ በዓል የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላው ወንድም ሴትም የመምረጥ መብት ሰጠ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም መግቢያ ተካሄደ። ስንዱ ገብሩ በዚህ ምርጫ ገብተው ለሴቶች የፓርላማውን በር ከፈቱ። ስሜን ያኔ በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ያለ አውራጃ ነበር፤ ደባርቅ የስሜን አውራጃ፣ ዳባት የወገራ አውራጃ ዋና ከተማ ሆነው ጎንደር ካለው ጠቅላይ ገዢ ትእዛዝ ይቀበላሉ። ፓርቲ የለም። ዕጩው 25 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ወረዳው የሚኖር፣ በዚያም ንብረት ያለው መሆን አለበት፤ ሕጉ 1,000 ብር የሚያወጣ መሬት ወይም ቤት፣ ያለዚያ 2,000 ብር የሚገመት ተንቀሳቃሽ ሀብት ይጠይቅ ነበር። በርስት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ርስተኛው ለመወዳደር መንገድ አለው፤ መሬት እንዲይዝ ያልተፈቀደለት የቤተ እስራኤል አንጥረኛና እስላሙ ሸማኔ ድምፅ ይሰጣል እንጂ ዕጩ ለመሆን የነጋዴ ገንዘብ ያስፈልገዋል። በየአራት ዓመቱ እየተደገመ እስከ አብዮቱ ድረስ አምስት ጊዜ ተመርጧል። አውራጃ ገዢው ግን አንድም ጊዜ አልተመረጠም፤ ከላይ ይላካል።

በዓለም ሌላ ጫፍ ያለ አንድ ምሳሌ ተወካይ በመምረጥና ራስን በማስተዳደር መካከል ያለውን ክፍተት ያሳያል። በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ያሉት የኦላንድ ደሴቶች ሕዝብ ከስዊድን ጋር መቀላቀል ሲፈልግ፣ የመንግሥታት ማኅበር በ1913 ዓ.ም ደሴቶቹ በፊንላንድ ሥር ሆነው ቋንቋቸውና አስተዳደራቸው እንዲጠበቅላቸው ወሰነ። ሰኔ 2 ቀን 1914 ዓ.ም የደሴቶቹ ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰበ፤ ዛሬም 30 አባላቱ በየአራት ዓመቱ ይመረጣሉ። ከዓመት በኋላ፣ መስከረም 1916 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ የዚያው ማኅበር አባል ሆነች። ኦላንድን የጠበቃት ባሕሩ ብቻ አልነበረም። በጽሑፍ የተሰጠና ዋስ የቆመለት ሕግ ነበራት። ስሜን ገደል ነበረው፤ ሕግ አልነበረውም። ገደሉ ጥሩ ጦር በመጣ ቁጥር ይሸነፋል።

«ራስ ገዝ» የሚለው ቃል በአገራችን ሕግ የገባው በደርግ ዘመን ማብቂያ ነው። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም በሕዝብ ድምፅ የጸደቀውን ሕገ መንግሥት ተከትሎ ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ድሬዳዋና ኦጋዴን ራስ ገዝ አካባቢዎች ሆኑ። ጎንደር ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት ተከፈለና ተራ የአስተዳደር አካባቢ ሆነ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም 835 መቀመጫ ላለው ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲደረግ የገበሬው የዛፍ ሥር ሸንጎ ስሙን ለአዲስ አበባ አዳራሽ አበደረ። ለአንድ ወንበር ሦስት ዕጩ ይቀርብ ነበር፤ የዕጩዎቹ ምንጭ ግን አንድ ፓርቲና የሕዝብ ድርጅቶቹ ናቸው። በዚያን ጊዜ በሰሜኑ ተራሮች መንግሥትን የሚወጉ ድርጅቶች ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ለስሜን ወጣት ከድምፁ ይልቅ የብሔራዊ ውትድርናው ጥሪ የቀረበ ነገር ነበር። ብዙ ቤተ እስራኤልም በእግር ወደ ሱዳን ወጥተው ነበር። ከእነርሱ ወገን አዲሱ መሰለ በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የእስራኤል ክኔሴት አባል ሲሆኑ፣ በጌዴዎን ተራራ ርስት ላጣው ሕዝብ በሌላ አገር ፓርላማ ወንበር ተገኘለት።

ኅዳር 1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት ክልሎችን አጸና፤ ሚያዝያ 29 ቀን 1987 ዓ.ም የስሜን መራጭ በአንድ ቀን ለሁለት ምክር ቤቶች ድምፅ ሰጠ፣ ለአዲስ አበባውና ባሕር ዳር ለሚሰበሰበው የክልል ምክር ቤት። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ደግሞ ለዋግ ኽምራ፣ ለአዊና ለኦሮሞ የየራሳቸውን የብሔረሰብ ምክር ቤት ሰጥቷል። ዋግ ኽምራ ከስሜን ተራራ ምሥራቅ፣ ከተከዜ ማዶ ያለ ጎረቤት ነው፤ በሰቆጣ የሚሰበሰበው ምክር ቤት በአካባቢው ለራስ ገዝ አሠራር ቅርቡ ምሳሌ ነው።

መንደሩ አዲሱን ነገር በራሱ ቃል ጠራው። የምርጫ ቦርድ «የድምፅ መስጫ ሳጥን» ቢልም ሕዝቡ ኮሮጆ ይላል፤ የቆዳ ከረጢቱ ስም። ዳገቱና ቁልቁለቱ በበረታበት፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ የምርጫ ቁሳቁስ በጋማ ከብት ጀርባ ሲጓጓዝ ስሙ ይበልጥ ይስማማዋል። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም የተደረገው ምርጫ በሬዲዮ በቀጥታ የተላለፉ ክርክሮች የቀደሙት ነበር፤ ገበሬው የገዢውን ፓርቲ የኢሕአዴግን ንብና የተቃዋሚውን የቅንጅትን ሁለት ጣት ለይቶ ያወቀው በዚያ ጊዜ ነው። ቅንጅት በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን ሲወስድ፣ በአማራ ክልልም ተቃዋሚዎች ብዙ ወንበር አግኝተዋል። ከምርጫው በኋላ ስለ ውጤቱ በተነሣው ጠብ ደም ፈሰሰ፤ «ኮሮጆ ግልበጣ» የሚለው አነጋገርም በአማርኛ ሥር ሰደደ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2007ቱ ምርጫ፣ ከ547ቱ የፓርላማ ወንበሮች አንድም ለተቃዋሚ አልተረፈም። ድምፅ የሚሰጠው ሕዝብ አልቀነሰም፤ የሚለወጥ ነገር ግን አልታየም። በ2008 ዓ.ም ጎንደር ላይ የተቀሰቀሰው ተቃውሞ ከዚህ ዝምታ ጋር ተያይዞ መነበብ አለበት።

በሰሜን ጎንደር የራስ አስተዳደር ጥያቄ በግልጽ በድምፅ የቀረበው በቅማንት ሕዝብ ጉዳይ ነው። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከ172,000 በላይ ሰዎች ቅማንት ነን ብለው ተመዝግበዋል፤ በ1999ኙ ቆጠራ ስሙ ከመመዝገቢያው ቀረ። በ2007 ዓ.ም የክልሉ ምክር ቤት የቅማንትን የራስ አስተዳደር ተቀበለ። ወሰኑ ላይ ክርክር በተነሣባቸው ስምንት ቀበሌዎች መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ሰባቱ በነበሩበት አስተዳደር መቀጠልን፣ ኳቤር ሎምየ የተባለው አንዱ ወደ ቅማንት አስተዳደር መግባትን መረጡ። አካባቢው ግን በዚያ አልረጋም፤ በቀጣዮቹ ዓመታት በወገን ተከፋፍሎ ብዙ ሕይወት ጠፋበት። በዚያው ሰሞን ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ተከፈለና ደባርቅ የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆነች። ለስሜን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለአንድ ፊርማ ጎንደር ድረስ ይሄድ የነበረ ሰው ጉዳዩን ደባርቅ መጨረስ ቻለ። ተራራው የዞን ጽሕፈት ቤት በራሱ መሬት ላይ ያገኘው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ለመጻፍ ልብ ይከብዳል። ነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም ሊደረግ የነበረው አገር አቀፍ ምርጫ በኮሮና ምክንያት ተራዘመ። ትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም ለክልል ምክር ቤቷ 190 መቀመጫዎች የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ የፌዴራሉ መንግሥት ምርጫው አይጸናም አለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነት ተነሣ። ወንዙ የሚለያቸው ሁለት አገሮች ለዘመናት በአንድ ገበያ የዋሉ፣ የተጋቡ ናቸው፤ በውቤ ጊዜ በአንድ ጌታ ሥር ነበሩ። አሁን የምርጫ ሕጋዊነት ክርክር በመካከላቸው ወደ መድፍ ተለወጠ። በስሜን ግርጌ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ሰው በነጠላና በጋቢ ተሸፋፍኖ ድምፁን ሰጠ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጦርነቱ አዲ አርቃይ ደረሰ። በነሐሴ መገባደጃ በዳባት ወረዳ ጭና ተክለሃይማኖት የትግራይ ኃይሎች ብዙ ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ሴቶች፣ ሕፃናትና ቀሳውስት ነበሩ። በትግራይም እንዲሁ ብዙ መንደር አልቅሷል። በሰኔ በምርጫ ቀለም የተነካ ጣት በነሐሴ መቃብር ሲቆፍር የዋለበት ዓመት ነበር።

ስሜን ራሱን ይወክላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን አንዱ ትንሽ መንደር የበለጠ ይናገራል። ብሔራዊ ፓርኩ በ1962 ዓ.ም ሲከለል ግጭ የተባለው ከፍተኛ ሜዳ ላይ ገብስ የሚያርሱና ከብት የሚያረቡ ሰዎች ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም በሰው መስፋፋትና በዋልያ መመናመን ምክንያት በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ውሳኔዎቹ የተሰጡት ከስሜን ርቆ ነው። ከረጅም ድርድር በኋላ የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም ቤታቸውን ትተው ደባርቅ ሰፈሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ዋልያው ሣሩን አገኘ። ሰዎቹ ካሳ ተቀብለው ለከተማ ኑሮ፣ ለኪራይና ለሸመታ ተዳረጉ።

የምርጫ ሕጉ መራጩን በሚኖርበት ቀበሌ ይመዘግባልና፣ የግጭ ሰው ካርድ የሚያወጣው ደባርቅ ከተማ ውስጥ ነው። ከበጉና ከገብሱ ጋር የኖረው አባት፣ ስለ ግጦሽ የሚከራከርለት እንደራሴ ይሻ የነበረው፣ አሁን የሚጠይቀው የውኃ ቧንቧና ለልጁ ሥራ ነው። ግጭ ላይ ዛሬ የምርጫ ጣቢያ የለም፤ ቱሪስት የሚያድርበት ካምፕ፣ የጭላዳ መንጋና ጅብራ አለ፤ በበጋ ሌሊት ደግሞ ውርጭ።